ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ግዴታ ነው እንዴ?

መስከረም ላይ ለራሳችን የገባነው ቃል ጥቅምት ላይ መላላት ይጀምራል። ብርዱም አለበት። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጠዋት መሆናቸው አልገረመኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ማለዳ ተነሺ አይደለሁም፤ እናቴን ብትጠይቋት ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምራ ትነግራችኋለች። የምመልሰው እንደ ባለሙያ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ሞክሮ እንደወደቀ ሰው ነው።

ዕድሜዬ 27 ነው፣ ባንክ ነው የምሠራው። «ስኬታማ ሰዎች 11 ሰዓት ይነሳሉ» ሲባል ሰምቼ እኔም ጀመርኩ። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ስፖርት፣ ጸሎት፣ ንባብ፣ ማስታወሻ መጻፍ። ማታ የምተኛው 6 ሰዓት አካባቢ ነው። አራት ቀን ብቻ ቆየሁ። ምን ጎድሎኝ ነው?

እንቅልፍ ነዋ! 6 ሰዓት ተኝተህ 11 ሰዓት ከተነሳህ አምስት ሰዓት ብቻ ነው የተኛኸው። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ያስፈልገዋል። እንጦጦ ላይ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡትን አትሌቶች አይተን እንቀናለን። ማታ በጊዜ ሲተኙና ከልምምድ በኋላ ቀን ላይ ጋደም ሲሉ ግን አናይም።

ሌላው ነገር ብዛቱ ነው። አምስት አዲስ ልማድ በአንድ ጠዋት! አንዱን ብቻ ያዝ። የትኛውን ብትለኝ፣ ካቆምክ በኋላ የናፈቀህን። እሱንም ድሮ ከምታደርገው ነገር ጋር አያይዘው፦ ፊትህን ታጥበህ ፎጣውን ስትሰቅል፣ ቀጥሎ እሱ ይሁን።

የመነሻ ሰዓትህን ደግሞ አትቀያይር። 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሁሌም 12 ሰዓት ተኩል ይሁን፣ እሁድም ቢሆን ብዙ አትራቅ። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው። መነሻህን ከለመደ፣ ገና ሳትነቃ ለመንቃት የሚያዘጋጁህን ሆርሞኖች መጨመር ይጀምራል። አንዳንድ ሰው አላርሙ ሊጮህ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የሚነቃው ወዶ አይደለም። ሰዓቱን በየቀኑ የምታምሰው ከሆነ ግን ምኑን ይልመደው?

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለው እውነት ነው? እኔ 30 ቀን አልፎኝም ገና እየታገልኩ ነው።

21 ቀን የሚለው ነገር የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ገደማ እንደሚፈጅባቸው አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1960 ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ስትሄድ መንገድ ላይ ቀረች።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። አዲሱ ነገር ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። በስሌታቸው መሠረት አንዳንዱ በ18 ቀን ሲለምድ ሌላው 254 ቀን ያስፈልገዋል። እንደ ውሃ መጠጣት ያለው ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፤ ስፖርት ይዘገያል። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል አልጎዳም። ስለዚህ ትናንት ከቀረብህ ዛሬ ቀጥል። እንደገና ከአንድ መቁጠር አያስፈልግም።

ነርስ ነኝ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ሌሊት ተረኛ ነኝ። የእኔ ጠዋት መቼ ነው?

እህቴ፣ ያንቺ ጠዋት የነቃሽበት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን መጠበቅ ካልቻልሽ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ መጋረጃ መክፈት፣ መታጠብ፣ መብላት፣ በዚያው ተራ።

ለአንቺ ከመነሳቱ ይልቅ የሚከብደው መተኛቱ ነው። ከተረኝነት ስትወጪ ጥቁር መነጽር አድርጊ፤ የጠዋት ብርሃን አእምሮሽን «ነጋ» ስለሚለው እንቅልፍሽን ያባርረዋል። መኪና የምትነጂ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ፣ እንቅልፍ እየጣለሽ መሪ አትያዢ። መኝታ ቤቱን አጨልሚ፣ ስልኩን ዝም አሰኚ። ለቆራሌው ግን መላ የለኝም። የጆሮ መድፈኛ ሞክሪ።

የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰርቪሱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ስለ ጠዋት ልማድ ስታወራ ያስቀኛል።

ልክ ነሽ። ዩኒፎርሙ፣ ቦርሳውና የታጠበው ምሳ ዕቃ ማታ ተዘጋጅተው ከደሩ ጠዋት ላይ ሩብ ሰዓት ታተርፊያለሽ። ግን በደብዳቤሽ ውስጥ አባትየው አንድም ቦታ አልተነሳም። ካለ፣ አንዱን ልጅ እሱ ያልብስ።

ስቶክሆልም ነው የምኖረው። ታኅሣሥ ላይ ጨለማ ውስጥ እነሳለሁ፣ ጨለማ ውስጥ እመለሳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ እንዲህ አልነበርኩም።

አገር ቤት ሳለህ ፀሐይዋ ታግዝህ ነበራ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትወጣበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሚቀያየረው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ሰዓት ስንቆጥርም ከእሷ ነው የምንጀምረው፤ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ሰዓት እንላለን። እናንተ ጋ ግን በታኅሣሥ የምትወጣው በእኛ ቆጠራ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ገደማ ሲቀረው ነው። በእኛው ቆጠራ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ደግሞ ትጠልቃለች።

ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እንደተነሳህ የቤቱን መብራት ሁሉ አብራ። ዋናው ግን በምሳ ሰዓት ወጥቶ መራመድ ነው፣ ቢደምንም። የውጭው ብርሃን ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ድብርቱ ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ጋ ሂድ፤ እዚያ የሚታወቅ ችግር ነው፣ በልዩ መብራትም ይታከማል።

በባዶ ሆድ ቡና መጠጣት ይጎዳል?

ቃር ካለብሽ ቀድመሽ ቅመሺ። ከሌለብሽ ጠጪ። ይልቅ የማታውን ቡና ፍሪ፤ ከጠጣሽ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ካፌይን ደምሽ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

የ64 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። 10 ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጥጣል። የምሄድበት ስለሌለኝ እስከ 3 ሰዓት አልጋ ላይ እገላበጣለሁ።

ጋሼ፣ ዕድሜ ሲገፋ እንቅልፍ መቅለሉና ማለዳ መንቃቱ የተለመደ ነው። ቀን ላይ ረጅም የሚያሸልቡ ከሆነ ያሳጥሩት። ለሽንት ደጋግመው ተነስተው ከሆነ ደግሞ ለሐኪም ይንገሩ።

አልጋው ላይ ግን አይገላበጡ። የቸገረዎት እንቅልፉ ሳይሆን «የምሄድበት የለኝም» ያሉት ይመስለኛል። ኪዳን ለማድረስ ወይም ለፈጅር ሶላት የሚወጣ ሰው መሄጃ አለው፤ እዚያ የሚጠብቀውም ሰው አለ። እርስዎም ትንሽ ብትሆን አንድ መሄጃ ያብጁ።

ጎረቤታችን ያሉ ጡረተኛ በየጠዋቱ ዳቦ ይገዛሉ። ዳቦ ቤቱ አምስት ደቂቃ አያስኬድም፣ እሳቸው ግን አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ዘበኛውን፣ ሊስትሮውን፣ ቆሎ ሻጯን ሰላም ሳይሉ አያልፉም። ቤት ሲደርሱ ዳቦው ቀዝቅዟል፣ ባለቤታቸውም በየቀኑ ይቆጧቸዋል።