የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የምጣዱ ሊንክ ከየትኛው ድርጅት ይሁን?

ጥያቄ፦ ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፤ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከሥራ በሚተርፈኝ ሰዓት እዚህ አገር ባለው ዱቄትና ውኃ ዐይናማ እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር የማሳይበት የአማርኛ ዩቲዩብ ቻናል ከከፈትሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ተመልካቾቼ ከሁሉ አብዝተው የሚጠይቁኝ «ምጣዱን ከየት ገዛሽው?» እያሉ ስለሆነ፣ የዕቃውን ሊንክ አስቀምጬ ከሽያጩ ኮሚሽን የማገኝበት አፊሊየት ፕሮግራም ውስጥ ለመግባት አሰብሁ። ነገር ግን ምርጫው በዛብኝ። አንዱ ከመቶ 4 ገደማ ይከፍላል። የድረ ገጽ ማስተናገጃ (ድረ ገጽ በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ) የሚሸጥ ሌላ ድርጅት ለአንድ ደንበኛ ከ60 ዶላር በላይ እሰጣለሁ ይላል። አንዲት ወዳጄ ደግሞ 300 ዶላር ከፍዬ ብመዘገብ፣ ሰው ባስገባሁ ቁጥር እንደሚከፈለኝ ትነግረኛለች። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፤ ሦስተኛውን ዛሬውኑ ከሐሳብዎ ያውጡት። እውነተኛ አፊሊየት ፕሮግራም ለመመዝገቢያ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚከፍለውም ዕቃ ሲሸጥ እንጂ ሰው ሲመለመል አይደለም። ትርፉ ከአዲስ ገቢዎች መዋጮ የሚገኝ ከሆነ፣ ስሙን ምንም ቢሉት የፒራሚድ ንግድ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በአገር ቤትም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክለዋል። ወዳጅዎ የራሷን ገንዘብ አስቀድማ ከፍላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሳያስከፏት በእርጋታ ቢያስረዷት መልካም ነው።

ከቀሩት ሁለቱ ለመምረጥ ከኮሚሽኑ መጠን ይልቅ ተመልካቾችዎ ምን እንደሚገዙ ይመልከቱ። አብሲት መጣል ለመማር ወደ እርስዎ የመጣች እናት የድረ ገጽ ማስተናገጃ አትገዛም፤ ስለዚህ የ60 ዶላሩ ተስፋ ለእርስዎ ከባዶ አይሻልም። ምጣድ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ክዳን ያለው የቡኮ ዕቃና ሰፌድ ግን ያለ ማንም ግፊት ይገዛሉ። እርስዎ የሚያደርጉት የሚታመነውን ዕቃ ማሳየት ብቻ ነው።

የአማዞንን ፕሮግራም እንደ ምሳሌ እንውሰድ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ስለሆነ አሠራሩ በደንብ ይታወቃል። ኮሚሽኑ እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ ለወጥ ቤት ዕቃ ከመቶ 4.5፣ ለምግብ ሸቀጥ ደግሞ ከመቶ 1 ነው። በእርስዎ ሊንክ የ150 ዶላር ምጣድ ቢሸጥ 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም፣ የ40 ዶላር ጤፍ ቢሸጥ ግን 40 ሳንቲም ብቻ ይደርስዎታል ማለት ነው። የምግብ ሸቀጥ ኮሚሽን ቀድሞ ከመቶ 5 ነበር፤ ድርጅቱ በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ ወደ 1 አወረደው። ተመኑን የሚወስነው እነርሱ እንጂ እርስዎ ስላልሆኑ፣ የቤት ኪራይዎን በዚህ ገንዘብ ላይ አይመሥርቱ።

ከመቶኛው በላይ የሚጎዳው ወይም የሚጠቅመው የጊዜ ገደቡ ነው። ተመልካቿ ሊንኩን ከነካች በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የምትገዛው ዕቃ፣ ከምጣዱ ሌላ ቢሆንም እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለእርስዎ ይቆጠራል። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ዕቃውን ቅርጫቷ ውስጥ ካስገባችው ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 90 ቀን ይራዘማል። የእኛ ሰው ግን ምጣድን ያህል ዕቃ ከመግዛቱ በፊት እኅቱንም ጎረቤቱንም ያማክራል፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሊንክዎን ሳይነካ በራሱ ፈልጎ ቢገዛ፣ ምክሩ የእርስዎ ቢሆንም ኮሚሽን የለም። ስለዚህ ፕሮግራሞችን ሲያወዳድሩ «ሊንኩ የሚያገለግለው ለስንት ቀን ነው?» የሚለውን ከመቶኛው አስቀድመው ይጠይቁ። በተጨማሪም በ180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 3 ሽያጭ ካልተገኘ አማዞን ሒሳቡን ይዘጋል። ያን ለማሟላት ራስዎ በሊንክዎ ለቤትዎ ወይም ለዘመድ ቢገዙ አይቆጠርልዎትም።

የክፍያውንም ደንብ ያንብቡ። ገንዘቡ የሚደርሰው ሽያጩ ከተፈጸመበት ወር ማብቂያ 60 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው፤ በባንክ ሲሆን ዝቅተኛው 10 ዶላር፣ በቼክ ሲሆን 100 ዶላር ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ከሌላ ፕሮግራም ጋር 100 ዶላር እስኪሞላልኝ ስጠብቅ፣ 83 ዶላር ላይ ሳለሁ ሒሳቤ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም ተብሎ ተዘጋና ገንዘቡ ቀረብኝ። ደንቡ በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብሁትም።

ቀጥሎ ዩቲዩብ ስቱዲዮን ከፍተው ተመልካቾችዎ በየትኛው አገር እንደሚኖሩ ይዩ። እኩሌቶቹ አዲስ አበባ ከሆኑ የአሜሪካ ሊንክ ለእነርሱ ጥቅም የለውም። ጀርመን ወይም ዱባይ ያሉት ደግሞ የየአገራቸው አማዞን ስላላቸው፣ ለእያንዳንዱ አገር ተለይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከኮሚሽን የሚበልጥ ኃላፊነት አለ። በአሜሪካ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ የሚጋግሩበት፣ በመሠረቱ ሌፍሴ ለተባለው የኖርዌይ ቂጣ የተሠራው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ120 ቮልት የተዘጋጀ ነው። ሪያድ ወይም ፍራንክፈርት ያለች እኅት እርስዎን አምና አስመጥታ በ230 ቮልት ብትሰካው ይቃጠልባታል፤ አደጋም ሊያደርስባት ይችላል። ይህን በቪዲዮው ውስጥ በግልጽ ይናገሩ፤ ሽያጭ ቢያስቀርብዎትም ይናገሩ።

ኮሚሽን እንደሚያገኙ መግለጽም በፈቃድዎ የተተወ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን፣ አስተዋዋቂው ጥቅሙን ለተመልካች በግልጽ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በመመሪያው መሠረት መግለጫው ማስተዋወቂያው በቀረበበት ቋንቋ መሆን ያለበት ሲሆን፣ በቪዲዮ ሲሆን ደግሞ ከሥር በሚጻፈው ማብራሪያ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮው ውስጥ መገኘት አለበት። ስለዚህ «በዚህ ሊንክ ብትገዙ ለእኔ ጥቂት ኮሚሽን ይታሰብልኛል» ብለው በአማርኛ ይናገሩት። ከሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት መስመር ለእናቶቻችን አትደርስም።

ለጤፉ ግን ሌላ መንገድ ባስብልዎ ደስ ይለኛል። በአካባቢዎ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ በድረ ገጽ የሚሸጡ የእኛው ነጋዴዎች አሉ። ለአንዳቸው ቀርበው ለተመልካቾችዎ ቅናሽ የሚያስገኝ፣ በቻናልዎ ስም የተሰየመ ኩፖን ኮድ እንዲከፍቱልዎ ይጠይቁ። ኮዱ የ24 ሰዓት ገደብ የለበትም፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ በቃል ይተላለፋል፤ ለነጋዴውም ስንት ሰው በእርስዎ በኩል እንደመጣ ያሳየዋል። ሆኖም መተዋወቃችሁ ውሉን እንዳያስቀር፤ ኮሚሽኑ ከመቶ ስንት እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜ እንደሚከፈል፣ ዕቃ ሲመለስ እንዴት እንደሚታሰብ በጽሑፍ ይስፈር። ዱቄቱንም አስቀድመው ገዝተው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይጋግሩበት፤ ገብስ የተቀላቀለበትን «ንጹሕ ጤፍ» ብለው ካስተዋወቁ የሚጠየቀው ነጋዴው ሳይሆን በስክሪን የታዩት እርስዎ ነዎት።

የሚያገኙት ገንዘብ የግል ሥራ ገቢ ስለሆነ፣ ወጪው ተቀንሶ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ለግብር ማስታወቅ ይኖርብዎታል። የምጣዱን፣ የካሜራውንና ለቀረጻ የገዙትን ዱቄት ደረሰኞች ከአሁኑ ለብቻ ያስቀምጡ።