የሥነ ጥበብ ታሪክንና ስቱዲዮን ጎን ለጎን ስለ መማር፦ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን የጠየቁት፣ እዚህ ሜሪላንድ ኮሌጅ ልትገባ የተዘጋጀችው ልጅዎ ሥዕል መሥራትንም የሥነ ጥበብ ታሪክንም መማር ስለምትፈልግ፣ አንዱን አስቀድማ ሌላውን ብታቆየው ይሻል እንደሆነ፣ በመጨረሻም ትምህርቱ እንጀራ የሚያበላ መሆን አለመሆኑን ነው። ሁለቱንም በዚሁ አካባቢ የተማርኩ በመሆኔ የማውቀውን ልጻፍልዎት። እኔ የምመክረው አብራ እንድትማራቸው፣ ከተቻለም በአንድ ሴሚስተር ጎን ለጎን እንድትወስዳቸው ነው።

አስቀድሞ የዲግሪውን ዓይነት መለየት ይገባል። ቢኤፍኤ (BFA) የሚባለው፣ በሥነ ጥበብ ሥራ ላይ ያተኮረው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ከ120 ክሬዲት ገደማ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለስቱዲዮ፣ ማለትም በእጅ ለሚሠራው የሥዕል ትምህርት፣ እና ከእሱ ጋር ለተያያዙ ኮርሶች ስለሚወስደው ለታሪኩ የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። ቢኤው (BA)፣ ማለትም ጠቅላላው የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ግን ለሜጀሩ (ለዋናው የትምህርት መስክ) የሚጠይቀው ሲሶ ገደማ በመሆኑ ሁለተኛ ሜጀር፣ ካልሆነም ማይነር (አነስተኛ ተጨማሪ መስክ) ለመጨመር ያመቻል፤ ሁለቱንም የምትሻ ልጅ ወደ ቢኤው ብታዘነብል ይበጃታል ባይ ነኝ። የክሬዲቱ ቁጥር ግን እንዳያታልላችሁ። የሦስት ክሬዲት የታሪክ ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ገደማ ክፍል ሲያስገባ፣ የሦስት ክሬዲት የሥዕል ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ያቆማል፤ ከክፍል ውጭ የሚሠራው ደግሞ ለብቻው ነው። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ስቱዲዮ የሚመዘገብ ተማሪ እንቅልፉን የት እንደሚያገኘው እሱ ያውቃል።

አብራ ትማራቸው የምልበትን ምክንያት በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። በታሪክ ክፍል የጥንት የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች የቅርጹን ዳር በጉልህ መስመር እያሰሩ ውስጡን ወጥ በሆነ ቀለም እንደሚሞሉ፣ ጥላና ብርሃንም እምብዛም እንደማያበዙ ተምሬ ነበር። በዚያው ወቅት በስቱዲዮ ክፍል እንጨት በጄሶና በሙጫ ለብጠን፣ አሸተን፣ የተፈጨ ቀለም በእንቁላል አስኳል በጥብጠን ቴምፔራ እንድንሠራ ታዘዝን። ቴምፔራ ብሩሹ ከሰሌዳው እንደተነሣ ወዲያው ይደርቃል፤ እንደ ዘይት ቀለም ጨለማውን ከብርሃኑ ጋር እያለሰለሱ ማዋሐድ የማይታሰብ ነው። ጉንጭን ክብ ለማስመሰል የሚፈልግ ሰው ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮችን በትዕግሥት መደርደር አለበት። ስለዚህ በስላይድ ላይ እንደ ልማድ ብቻ ይታየኝ የነበረው አሣሣል ከቀለሙ ጠባይም ጋር የተያያዘ መሆኑን እጄ አስተማረኝ።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም፤ ታሪኩ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጣሊያን ሠዓሊዎች በዚሁ በቴምፔራ እነዚያን ቀጫጭን መስመሮች እየደረደሩ ጥላ ይፈጥሩ ነበር። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በዚያው ክፍለ ዘመን፣ የሠራው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ከምዕራቡና ከቢዛንታይኑ አሣሣል ጋር የሚያዛምደው ነገር እንዳለ ምሁራን ያስረዳሉ፤ ሆኖም መስመሩን አልለቀቀም። እንግዲህ ቁሱ ብቻውን አላስገደደውም፤ ሠዓሊው መርጧል ማለት ነው። ስቱዲዮ ብቻ የተማረ ሰው ሁሉንም ነገር በቁሱ፣ ታሪክ ብቻ ያነበበ ደግሞ ሁሉንም በሃይማኖትና በዘመኑ ሁኔታ ሊያብራራው ይቃጣዋል። ሁለቱን በአንድ ወቅት የሚማር ግን አንዱን በሌላው ይፈትነዋል፤ ታሪኩን ጨርሶ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ስቱዲዮ የሚገባ ይህን ዕድል ያጣል።

ለዚህ ደግሞ አካባቢያችሁ የታደለ ነው። ባልቲሞር የሚገኘው የዎልተርስ ሙዚየም ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ታላላቅ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ስብስቦች አንዱን ይዟል፤ መግቢያው ነጻ ነው። ዋሽንግተን ያለው የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየምም እንዲሁ አያስከፍልም። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመታት ያስተማረበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው። ልጅዎ የመጀመሪያ የታሪክ ጽሑፏን ስትታዘዝ ከፎቶግራፍ ሳይሆን ከሥራው ፊት ቆማ ትጻፍ። በስክሪን ላይ መዳፍ የምታክል ሥዕልና ግድግዳ የሚሞላ ሸራ እኩል ይመስላሉ።

ስለ ፈተናው በአጭሩ፦ በታሪክ ክፍል ምስል ይታይና ሠዓሊው፣ ዘመኑ፣ ቦታውና የተሠራበት ቁስ ይጠየቃል፤ ከዚያ ሁለት ሥራዎችን ማነጻጸር ይከተላል። በስቱዲዮ ደግሞ ክሪቲክ አለ፤ ሥራዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ክፍሉ በሙሉ በፊቷ ይነጋገርበታል። በእኛ ቤት ያደጉ ልጆች ከመምህር ጋር መከራከር እንደ ድፍረት ስለሚታያቸው ዝም ይላሉ፤ ዝምታው ግን እንዳልተዘጋጁ ያስቆጥርባቸዋልና ይህን ቀድማ ብታውቀው መልካም ነው።

እንጀራውን በተመለከተ ላታልልዎት አልፈልግም። የሙዚየም ኩሬተርነት (የስብስቦችና የዐውደ ርእይ ኃላፊነት) ቦታው ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው፤ ማስተርስ፣ በትላልቆቹ ሙዚየሞች ብዙ ጊዜም ዶክትሬት ይጠይቃል። ሁለቱንም ትምህርት በግልጽ የሚፈልግ አንድ ሙያ ግን አለ፤ እሱም የቅርስ ጥገና ነው። በዴላዌር ዩኒቨርሲቲና በዊንተርቱር ሙዚየም በጋራ እንደሚሰጠው ያለ የማስተርስ ትምህርት የሥነ ጥበብ ታሪክንም፣ የእጅ ሥራ ፖርትፎሊዮንም (የሥራዎች ስብስብ)፣ ኬሚስትሪንም ይጠይቃል። ኬሚስትሪውን ብዙዎች ዘግይተው ስለሚሰሙ በሁለተኛው ዓመት ብትጀምረው ይሻላል። ወደ ታሪኩ ምርምር ካዘነበለች ደግሞ በዚህ መስክ የምትገፋው በቋንቋ ነው፤ ለኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ግዕዝ የግድ ሲሆን፣ አማርኛ ከነፊደሉ የምታውቅ ከሆነ ከሌሎች ቀድማ ተነሥታለች።

ወጪው የሚያሳስባችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ድሮዊንግና ዲዛይን፣ እንዲሁም ሁለቱን የታሪክ መግቢያ ኮርሶች በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጨረስ ይቻላል። ታሪኩ በቀላሉ ትራንስፈር ይሆናል፤ ስቱዲዮው ግን አንዳንድ ጊዜ ፖርትፎሊዮ ታይቶ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ የሠራችውን ሁሉ፣ ደካማ የሚመስላትን የከሰል ንድፍ ጭምር፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስታ ታስቀምጥ፤ የየኮርሱንም ዝርዝር መግለጫ (syllabus) አትጣል፤ ከመመዝገቧ በፊትም የምትሄድበትን ዩኒቨርሲቲ አድቫይዘር የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርላት በጽሑፍ ትጠይቅ።