የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ ለመማር፦ ከአዲስ አበባ ለጻፈችልን ቫዮሊን ተጫዋች

ውድ እህታችን፣

ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በቫዮሊን በዲግሪ እንደተመረቅሽ፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት የአየርላንድ ባህላዊ ዜማዎችን ከኢንተርኔት እየሰማሽ ስትለማመጂ እንደቆየሽ፣ አሁን ደግሞ አየርላንድ ውስጥ ወዳለችው ሊመሪክ ከተማ ሄደሽ በመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራም ከሥር ለመማር እንዳሰብሽ ጽፈሽልናል። የትኛው ፕሮግራም ይሻለኛል፣ ለኦዲሽን (ለመግቢያ የአጨዋወት ፈተና) ምን ላዘጋጅ፣ ስጨርስስ በምን እተዳደራለሁ ብለሻል። ቤተሰቦችሽን እንቅልፍ የነሳቸው የመጨረሻው ነው። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ የሌሎቹን ጥያቄዎች መልስም የሚወስነው እሱ ስለሆነ ከእሱ እንነሳ።

አየርላንድ ውስጥ አብዛኛው የባህል ሙዚቀኛ የወር ደመወዝተኛ አይደለም። ማታ ማታ ልጆች ያስተምራል፣ መጠጥ ቤት ውስጥ ሴሽን የሚባለውን ሙዚቀኞች ተሰባስበው የሚጫወቱበትን ዝግጅት ይመራል፣ ሰርግና ፌስቲቫል ላይ ይጫወታል፣ በበጋ ከቡድን ጋር ለጉዞ ይወጣል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው እንደ ግል ሥራ ይቆጠራል። በተማሪነት የምታገኚው ስታምፕ 2 የተባለው ፈቃድም ሆነ ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው ስታምፕ 1ጂ ግን የግል ሥራን አይፈቅዱም። አየርላንዳዊው የክፍል ጓደኛሽ ቅዳሜ ማታ ተጫውቶ በራሱ ስም ደረሰኝ ቆርጦ የሚቀበለውን ገንዘብ አንቺ መቀበል አትችዪም። ብዙ የውጭ ተማሪ ይህን የሚያውቀው ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ እቅዱ ሁሉ ይፈርሳል።

የሚፈቀድልሽ ተቀጥሮ መሥራት ነው። በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻና ከዲሴምበር 15 እስከ ጃንዋሪ 15 ደግሞ 40 ሰዓት። ስለዚህ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ የፌስቲቫል ቢሮ ሥራ ሲያቀርብልሽ፣ ከክፍያው መጠን በፊት «በፔሮል (በደመወዝ መዝገብ) ነው የምትቀጥሩኝ ወይስ በደረሰኝ ነው የምትከፍሉኝ?» ብለሽ ጠይቂ።

ከምረቃ በኋላ የሚሰጠው የቆይታ ጊዜ በዲግሪሽ ደረጃ ይለያያል። የመጀመሪያ ዲግሪ በክብር የጨረሰ 12 ወር ያገኛል፤ ማስተርስ የጨረሰ እስከ 24 ወር፣ ግን መጀመሪያ 12 ወር ተሰጥቶት ሥራ ሲፈልግ እንደቆየ ካሳየ ነው የሚታደስለት። ከዚያ ወዲያ የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጠቅላላው የሥራ ፈቃድ ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ በ2024 34,000 ዩሮ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያም በላይ እንዲያድግ ተወስኗል። በባህል ሙዚቃ ብቻ ይህን የሚከፍል ቋሚ ቅጥር ጥቂት ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ሙዚቃ ማስተማር ደመወዝ አለው፣ ግን በመምህራን ምክር ቤት መመዝገብንና ሁለት ዓመት የሚፈጅ የመምህርነት ማስተርስን ይጠይቃል።

እንግዲህ ፕሮግራሙን በዚህ ሚዛን እንየው። የመጀመሪያ ዲግሪውን ተዪው ብለን አጥብቀን እንመክርሻለን። ዲግሪ ያለው ሰው እንደገና እዚያው ደረጃ ላይ ልማር ሲል፣ የቪዛ መርማሪዎች ትምህርቱ ወደፊት መራመዱን ስለሚያዩ ማመልከቻው ይዳከማል። ከዚያም በላይ ሊመሪክ ያለው ፕሮግራም አራት ዓመት ነው፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ ክፍያ ደግሞ ከአገሬው ተማሪ በብዙ ይበልጣል። ያን ሁሉ ከፍለሽ በመጨረሻ የምታገኚው የ12 ወር ቆይታ ነው።

ያንቺ ቦታ ማስተርስ ነው። ሚሆል ኦ ሱላቮን በ1994 በሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው የአይሪሽ ወርልድ አካዳሚ በአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ አጨዋወት የአንድ ዓመት ማስተርስ ይሰጣል፤ በዚያው ቤት የኢትኖሙዚኮሎጂ (ሙዚቃን ከሕዝቡ ባህል ጋር አያይዞ የሚያጠና ትምህርት) እና የማኅበረሰብ ሙዚቃ ማስተርስም አለ። ኮርክ ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ደራሲው ሾን ኦ ሪያዳ ከ1963 እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ 1971 ያስተማረበት ነው፤ ባህላዊው ሙዚቃ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሥር እንዲሰድ ትልቅ ድርሻ አለው። እኛ የምናደላው ለኢትኖሙዚኮሎጂው ነው። አጨዋወት ብቻ ተምረሽ ወደ አዲስ አበባ ብትመለሺ በአየርላንድ ዜማ የሚቀጥርሽ ቤት የለም። ዜማ መቅረጽ፣ ከማን እንደተገኘ መመዝገብ፣ መሰነድና ማደራጀት የተማረች ቫዮሊን ተጫዋች ግን በያሬድም ሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዙሪያ የምትሠራው ሞልቷል፤ ያልተቀረጸ አዝማሪ ብዙ ነው። ደብሊን ሜሪየን ስኩዌር ያለው፣ በ1987 የተቋቋመው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት ይህ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በዓይን የሚታይበት ቦታ ነው።

አጨዋወቱን ከመረጥሽ ግን ኦዲሽኑ ላይ የሚፈትንሽ ያሬድ የተማርሽው ክላሲካል ነው። ጣትሽ ዝግጁ ነው፣ ጆሮሽና ደጋንሽ ናቸው የሚቀሩት።

መጀመሪያ ቪብራቶውን ከፈጣን ዜማዎች ላይ አውጪው። ቀጥሎ ሮል የሚሉትን ማስጌጫ እንደ ክላሲካሉ ግሩፔቶ አትጫወቺው። ኤ ክር ላይ በአንደኛ ጣት የሚያዘውን ቢ ኖታ ውሰጂ። ቢ ትይዣለሽ፣ ሦስተኛ ጣትሽ ክሩን ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ ቢ ይሰማል፣ አንደኛ ጣትሽ ለቅጽበት ብድግ ብሎ ክፍቱ ኤ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ቢ። ይህ ሁሉ በአንድ የደጋን ጉዞ፣ በሦስት ስምንተኛ ኖታ ርዝመት ውስጥ ያልቃል። ሦስተኛው ጣት ክሩን እስከ ጣት ሰሌዳው ከተጫነ የጠራ ዲ ይሰማል፤ ያኔ ሮሉ ዜማ ይሆናል፣ ምቱም ይንጠባጠባል። የሚፈለገው የጣቱ ምት እንጂ የኖታው ድምፅ አይደለም።

ጂግ የሚባለው የጭፈራ ዜማ 6/8 ነው፤ «ችክችካም 6/8 ስለሆነ ይቀለኛል» ብለሽ እንዳትዘናጊ። ጂግ ሦስት ሦስት ሆኖ ይከፈላል፣ ክብደቱ አንደኛውና አራተኛው ስምንተኛ ላይ ያርፋል። የችክችካ ልማድ ያለው እጅ ሳያስበው ክብደቱን ወደ ሌላ ቦታ ያዞረዋል፣ ሰሚው የሚጨፈርበት ጂግ መሆኑ ይጠፋዋል። ፍቱን መላው የአንድ ጨፋሪ ቪዲዮ ከፍቶ ድምፁን አጥፍቶ ለእግሩ መጫወት ነው።

ለኦዲሽኑ ቪዲዮ ቀረጻ ሦስት ነገር አዘጋጂ። አንደኛ፣ ሪል ከሚባሉት ፈጣን የጭፈራ ዜማዎች ሦስቱ የተያያዙበት ስብስብ። አንድ ዜማ ስምንት ስምንት ባር ያላቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲደገም 32 ባር ይሆናል። ሜትሮኖሙን 100 ላይ አድርገሽ፣ በአንድ ባር ሁለት ምት እየቆጠርሽ፣ እያንዳንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ብትጫወቺ አራት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በላይ መፍጠን አያስፈልግሽም፤ ፍጥነት የደጋኑን ጉድለት ያጋልጣል። ሁለተኛ፣ ሁለት ጂግ። ሦስተኛ፣ ስሎው ኤር፤ ይህ ሻን ኖስ ከሚባለው ያለ አጃቢ የሚዘፈን ባህላዊ ዘፈን የሚመነጭ ዜማ ስለሆነ የተወሰነ ምት የለውም። ዘፋኙ የሚተነፍስበትን ሳታውቂ ከተጫወትሽው የተጎተተ ልምምድ ይመስላል፤ ቀድመሽ ግጥሙ ሲዘፈን ስሚ።

ዜማዎቹን ከአንድ አካባቢ ምረጪ። የዶኒጎል ደጋን ኖታ በኖታ የሚመላለስ ነው፣ ስላይጎ ደግሞ በ1920ዎቹ ኒው ዮርክ ላይ በተቀረጸው የቫዮሊን ተጫዋቹ የማይክል ኮልማን ጌጥ የበዛበት አጨዋወት ይታወቃል፣ ስሊቭ ሉክራ ፖልካና ስላይድ የሚባሉት የጭፈራ ዜማዎች አገር ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ መቅረብ ከኢንተርኔት ለቃቅሞ መማርን ያሳብቃል። ቪዲዮውን ሳትቆራርጪ፣ ማስተጋቢያ ሳትጨምሪ፣ ኖታ ፊትሽ ሳታስቀምጪ ቅረጺ፤ ሁለቱም እጆችሽ ይታዩ። ከመጀመርሽ በፊት የዜማዎቹን ስምና ከማን አጨዋወት እንደተማርሻቸው ተናገሪ። በዚህ ሙዚቃ ዘንድ ምንጭን መጥቀስ ክብር ነው። ማሲንቆ የምትጫወቺ ከሆነ በማመልከቻ ደብዳቤሽ ጻፊው፣ ግን ከአየርላንዱ ዜማ ጋር አዳቅለሽ አታቅርቢ፤ ሊያዩ የሚፈልጉት የነሱን ዜማ ምን ያህል እንደሰማሽ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለቪዛ ከትምህርት ክፍያው ውጭ ለአንድ ዓመት ኑሮ 10,000 ዩሮ ማሳየት ግዴታ ነው። የትምህርት ክፍያው ከ6,000 ዩሮ በላይ ከሆነ ቢያንስ 6,000ውን ቀድመሽ መክፈል ይጠበቅብሻል። የስድስት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠየቃል፤ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ በአንድ ሳምንት ያስገባው ብር ያለ ማስረጃ ከታየ ማመልከቻውን ያስጥለዋል፣ ስለዚህ ከየት እንደመጣ በደብዳቤና በሰነድ አስደግፊው። እዚያ ስትደርሺ የመኖሪያ ካርዱ 300 ዩሮ ነው።

ስኮላርሺፕ ላይ፣ የአየርላንድ መንግሥት ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች በየዓመቱ 60 ዕድል ይሰጣል፤ የአንድ ዓመት ሙሉ የትምህርት ክፍያና 10,000 ዩሮ መተዳደሪያ ይይዛል። ለማመልከት ከዩኒቨርሲቲው ቢያንስ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ የቅበላ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የስኮላርሺፑ ማመልከቻ በፌብሩዋሪና በማርች አካባቢ ስለሚዘጋ፣ የቅበላ ማመልከቻሽ ከገና በፊት መግባት አለበት። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም ከዚያ በፊት ጨርሺ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርሽ በፊት በዚህ ወር የምትሠሪው አንድ ነገር አለ። ለሁለቱ ማስተርሶች አስተባባሪዎች፣ ለአጨዋወቱም ለኢትኖሙዚኮሎጂውም፣ አጭር ኢሜይል ጻፊ። አንድ የሪልና አንድ የስሎው ኤር ቅጂ አያይዢ። ሁለት ነገር ጠይቂ፦ በዚህ ደረጃ ላይ ያለች አመልካች ምን ማሻሻል እንዳለባት፣ በኢትኖሙዚኮሎጂው ያለ ተማሪም የአጨዋወት ትምህርት መውሰድ ይችል እንደሆነ። የሁለተኛው መልስ አዎ ከሆነ ምርጫሽ ተወስኗል ማለት ነው።