ወደ ዊንዶውስ 11 እንሻገር ወይስ እንቆይ? ከጎንደር ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ፒያሳ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ካላቸው እናት)፦ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ድጋፍ አብቅቷል ይባላል፤ ኮምፒውተሮቼ መሥራት ያቆማሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አያቆሙም። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃው ማይክሮሶፍት በነጻ ይልከው የነበረው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ይሁን እንጂ ቀኑን ሙሉ የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካበት የሚውል ኮምፒውተር ከማንም ቤት ኮምፒውተር ይልቅ ለቫይረስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ የኮምፒውተሩ አቅም የሚፈቅድ ከሆነ ወደ 11 ለመሻገር እርስዎ ባይዘገዩ ይሻላል።

ጥያቄ (ማራኪ ግቢ ከሚማር ተማሪ)፦ ላፕቶፔ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው፤ ግን በጣም ይንቀረፈፋል። 11 ቢጫንበት ይፈጥናል?

መልስ፦ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ተመልከት። ከሰረዙ በኋላ 6200 የሚል ከሆነ ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ 8250 ከሆነ ግን ስምንተኛ ነው፤ ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ወዲህ ያሉትን ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ላይም በአቋራጭ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ይሠራልም፤ ነገር ግን ኩባንያው ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። በእኔ እምነት የአንተ ላፕቶፕ ችግር ዊንዶውሱ ሳይሆን አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል፤ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማከማቻ ብታስቀይረው ለውጡን ገና ሲከፈት ታየዋለህ። ዝቅተኛው መስፈርት 4 ጊጋ ራም ነው ቢባልም ግን አትተማመንበት፤ በዚያ መጠን መሥራት ትዕግሥትን መፈተን ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮሰሰሬ አዲስ ሆኖ ሳለ «ቲፒኤም የለም» ይለኛል።

መልስ፦ ቲፒኤም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ተዘግቶ ነው። ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ገብተው በኢንቴል ማሽን ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም የሚለውን ያብሩት።

ጥያቄ (ከመጀመሪያዋ ጠያቂ በድጋሚ)፦ የአማርኛ ሰነዶቼስ?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚታወሰው ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ስለሚከፈት፣ የፎንት ፋይሎቹን ከሰነዶቹ ጋር አብረው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ኒያላ በተባለው የማይክሮሶፍት የአማርኛ ፎንት የተጻፈውም ቢሆን፣ አዲስ በተጫነ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ እንደ ተጨማሪ ፎንት ካልተጫነ በሌላ ፊደል ስለሚታይ ገጹ ይዛባል፤ ሠላሳ ገጽ የነበረ መመረቂያ ጽሑፍ ሠላሳ ሁለት ሆኖ ቢወጣ ደንበኛው የሚቆጣው በእርስዎ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ እንደተሰካ ይጀምሩ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) አይሞክሩት። ፎርማት ሳያደርጉ ካሻሻሉና ካልወደዱት፣ በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል። መቆየት ከመረጡም ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ማቅረቡን አስታውቋል፤ ለመመዝገብ የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል።