ስለ ቁም ጽሕፈትና ስለ ክፍያው

እኅታችን «ሥዕል ከጀመርሁ አራት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን የቀለምና የሸራ ወጪዬን እንኳ አልመለሰልኝም፤ ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ብለው ለጠየቁት፣ ሠዓሊ ባልሆንም በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ። መተዳደሪያዬ የሒሳብ ሥራ ነው፤ ከሥራ መልስ ግን ብራና ላይ ቁም ጽሕፈት፣ ማለትም የግእዝ መጻሕፍት በብርዕ የሚጻፉበትን የእጅ ጽሕፈት፣ እጽፋለሁ። ከጀመርሁ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል።

ይህን ሙያ በገቢው የሚመዝን ሰው ገና ቆዳው ላይ ሳለ ይተወዋል። የፍየሉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ በሥጋው ወገን ያለው ስብ ይፋቃል፣ ከደረቀም በኋላ ጠጉሩ ይላጫል፤ ጥቁሩ ቀለም ደግሞ ከጥቀርሻና ተቆልቶ ከተፈጨ እህል ተቀምሞ ለወራት ይብላላል። መምህሬ በመጀመሪያው ዓመት ብርዕ አላስጨበጡኝም፤ ፋቂ ብቻ ነበርሁ። (አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው እንዲጨርሱ ፀሐይ ቆመችላቸው የሚለው ትውፊት ምን ያህል ተአምር እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።)

በስድስተኛው ዓመት ገንዘብ መጣ። ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነጠላ የብራና ቅጠሎች እንድጽፍለት፣ ከጻፍሁም በኋላ በጢስና በቡና ውኃ አሮጌ እንዳስመስላቸው ጠየቀኝ። ማስመሰሉ እንደሚያሳፍር ያን ጊዜም አላጣሁትም፤ ነገር ግን ልጄ ትምህርት ቤት የገባችበት ዓመት ስለነበርና በአንዳንድ ወር ገቢው ከደመወዜ ይበልጥ ስለነበር ተቀበልሁ። በስምንተኛው ወር አንዱን ቅጠል ሳገላብጥ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ደግሜ መጻፌን አየሁ። ገዢው ግእዝ አያነብም፣ ባለ ሱቁም አያነብም፤ ይባስ ብሎ እኔም እየጻፍሁ አላነብም ነበር። ቅጠሉ እንደሌሎቹ ሁሉ በዋጋው ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ብርዑን ባነሣሁ ቁጥር ታከተኝ።

ሱቁን ትቼ በእናቴ አገር ላለ ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ለመጻፍ ተስማማሁ። ምእመናኑ ቆዳውን አዋጡ እንጂ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ዳዊት እንደ ሌላው መጽሐፍ በሁለት ዐምድ አይጻፍም፤ እያንዳንዱ ስንኝ በየራሱ መስመር ይቆማል፤ ስንኙ ከመስመሩ ከረዘመ ትርፉን ከላይ ወይም ከታች ማሳደር ግድ ነው። 150ውን መዝሙር ከነጸሎተ ነቢያቱ ለመጨረስ አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብኝ። ሳስረክብ የደብሩ መሪጌታ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየተከተሉ ከመጀመሪያው ያነቡት ጀመር። 96ኛው መዝሙር ላይ ጣታቸው ቆመ። «ብርሃን ሠረቀ ለጻድቃን» የሚለውን በንጉሡ ሠ ፈንታ በእሳቱ ሰ ጽፌው ኖሯል፤ ብርሃን ወጣላቸው ማለቱ ቀርቶ ብርሃን ሰረቃቸው ሊሆን ነው። «ሌባ አደረግኸው እኮ!» ብለው ሳቁ። ፊደሏን በምላጭ ፍቄ አስተካከልሁ፤ ቦታው ስለሳሳ እስከ ዛሬ በጣት ሲነካ ይታወቃል። ባፍርም፣ ከዚያ በፊት በጻፍሁት በየትኛውም ቅጠል ያላገኘሁትን ደስታ ያገኘሁት በዚያች በተፋቀች ቦታ ነው፤ የጻፍሁትን ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ነበርና።

ስለዚህ እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ወጪው ተመለሰ ወይ ብዬ ሳይሆን፣ ሥዕልዎን ቀርቦ አይቶ «እዚህ ጋ ስተሻል» ሊልዎ የሚችል ሰው አለ ወይ ብዬ ነው። ከሌለ አራት ዓመት ብቻዎን መድከም በእርግጥ ያዝላል፤ ገዢ ከመፈለግዎ በፊት እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጉ። ነገር ግን ይህን ምክር በነጻ ሊያሠራዎ ለሚሻ ሰው መሣሪያ አያድርጉት። መምህሬን ሦስት ጥራዝ አስጽፎ ሳይከፍል የቀረ ባለጸጋ አውቃለሁ፤ እሳቸው «ለነፍስ ነው» ብለው ቢተዉትም እኔ ዛሬም አልተዋጠልኝም። የደብሩ ሰዎች ስለሌላቸው አልከፈሉኝም፤ ባለጸጋው ግን እያለው ነው መምህሬን የከለከላቸው።

ስለ ወጪው የማደርገው ቀላል ነው። ከደመወዜ በየወሩ ጥቂት ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ እሱ ካለቀ እስከሚቀጥለው ወር ቆዳ አልገዛም፤ እቤት ያለውን እፍቃለሁ።