መጽሐፉን ጨርሼ ፊልሙን ሳይ ለምን እናደዳለሁ?

ጥያቄ፦ የቶልኪንን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሦስቱንም ቅጽ አንብቤ በጨረስኩ ማግስት የመጀመሪያውን ፊልም ከፈትኩ። ቶም ቦምባዲል የለም! ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ማየቱ ቀርቶ ስህተት ለቀማ ያዝኩ። የተራዘመውን ቅጂ ልፈልግ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ቦምባዲልን ፍለጋ ከሆነ ግን የተራዘመውም ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ለሲኒማ የወጣው ቅጂ 178 ደቂቃ ነው፤ የተራዘመው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨምራል። የፊልም ጽሑፍ አንድ ገጹ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሚወስድ፣ ያን የሚያህል መጽሐፍ ሳይቆረጥ አይገባም።

ቦምባዲል የታሪኩ ማዕከል የሆነው ክፉ ቀለበት ምንም የማያደርገው ፍጡር ነው። ሲነበብ ምስጢሩ ያምራል። በፊልም ግን ተመልካቹ ቀለበቱን መፍራት በጀመረበት ሰዓት አንዱ ብቅ ብሎ እንደ መጫወቻ ቢያገላብጠው ፍርሃቱ ወዲያው ይረግባል። መቆረጡ ትክክል ነው ባዮች ነን።

ይልቅ ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ ይከታተሉ። ከእሱ ጋር የጥንት መቃብሮቹ ምዕራፍ ቀርቷል፤ ሆቢቶቹ፣ ማለትም አጫጭሮቹ ባለታሪኮች፣ ሰይፋቸውን ያገኙት ደግሞ እዚያ ነበር። በፊልሙ ዌዘርቶፕ በተባለው ኮረብታ ላይ ጦረኛው አራጎርን ያድላቸዋል። ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ከሆቢቶቹ አንዱ ሜሪ የናዝጉሎቹን (የጨለማው ጌታ አገልጋዮችን) አለቃ ሲወጋ አለቃውን የሚጠብቀው ድግምት የሚፈርሰው ያ ሰይፍ ያንኑ ጠላት ለመዋጋት የተሠራ በመሆኑ ነው። ፊልሙ ውስጥ ይህ ምክንያት የለም።

የተራዘመው ቅጂ በተለይ ለሦስተኛው ፊልም ይጠቅማል፤ የጠንቋዩ የሳሩማን መጨረሻ በሲኒማው ቅጂ ላይ ጨርሶ አይታይም። ትልቁ ችግርዎ ግን ማግስቱን መክፈትዎ ነው። አንድ ሁለት ወር ይቆዩ፤ ዋናው ታሪክ ይቀራል፣ የቃል በቃሉ ትዝታ ይደበዝዛል። ፊልሙን እያቆሙ መጽሐፉን አይግለጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ጨርሷል። የመጀመሪያውን ፊልም ቢያይ ቀጣዩን መጽሐፍ ያበላሽበታል?

መልስ፦ በአንድ ነገር፣ አዎ። ፊልሙ ቅጹ ካለቀበት አልፎ ይሄዳል፤ የሁለተኛው ቅጽ መክፈቻ ምዕራፍ የዚህኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ገብቷል። ምን እንደሆነ አንጽፍም፤ ልጅዎ ይህን ገጽ ሊያነብ ይችላል። ምዕራፏ አጭር ስለሆነች አስቀድሞ ያንብባት። ሁለተኛው ፊልም በተቃራኒው ቀድሞ ያቆማል፤ የቅጹ የመጨረሻ ምዕራፎች ወደ ሦስተኛው ተሻግረዋል። የአርዌንና የአራጎርን የፍቅር ታሪክ ግን ከሦስተኛው ቅጽ አባሪ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ሃሪ ፖተርን ካላነበበ ሰው ጋር ሳይ በየመሀሉ ላስረዳ?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! አብዛኛው ራሱን ያስረዳል። አንድ ቀዳዳ ግን አለ፦ በ2004ቱ ሦስተኛ ፊልም የአስማቱን ካርታ የሠሩት አራቱ እነማን እንደሆኑ አይነገርም። ካለቀ በኋላ፣ ከአራቱ አንዱ የሃሪ አባት መሆኑንና ራሱን ወደ አጋዘን ይለውጥ እንደነበር ይንገሩት። ሐይቁ ዳር የታየው አጋዘን ለምን አጋዘን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል።