ለልጆች ስለ ኦቲዝም ስትነግሩ ታሪኩን አትዝለሉት

ውድ ወጣት መምህራን፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በማስተማር ነው። ለልጆች ስለ ኦቲዝም (ሰው ከሌሎች ጋር የሚግባባበትና ዓለምን የሚረዳበት መንገድ የሚለይበት የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ ነው) ሲነገር ደጋግሜ የምሰማው “እዘኑላቸው፣ አትሳቁባቸው” የሚል ነው። ክፋት የለውም። ግን የሚታዘንለት ልጅ ለጨዋታ አይጠራም። ይልቅ ታሪኩን ንገሯቸው።

ከዶናልድ ትሪፕሌት ጀምሩ። በ1933 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ በሐኪሞች ምክር ከቤት ርቆ ልጆች የሚኖሩበት ተቋም ገባ። ወላጆቹ ግን አላስቻላቸውም፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ መልሰው ወሰዱት። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ኦቲዝም ስላለባቸው 11 ልጆች ጽፎ ሲያሳትም መጀመሪያ ላይ የተገለጸው እሱ ነበር። ከዚያስ? ኮሌጅ ጨረሰ፣ ባንክ ሠራ፣ መኪና ነዳ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብዙ አገር ዞረ። በ2023 ሲያርፍ 89 ዓመቱ ነበር። ልጆቹን “የከተማው ሰው እንዴት ቢይዘው ነው?” ብላችሁ ጠይቋቸውና ዝም በሉ። መልሱን ራሳቸው ያመጡታል።

በነገራችን ላይ፣ ግሩንያ ሱካሬቫ የምትባል የሶቪየት ሐኪም ከካነር በፊት፣ በ1920ዎቹ፣ ተመሳሳይ ልጆችን ገልጻ ነበር። ስሟን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ከፍ ላሉት ልጆች አስቀያሚውንም ንገሯቸው። ለዓመታት “ኦቲዝም የሚመጣው እናት ፍቅር ስትነፍግ ነው” ተብሎ ስንት እናት በከንቱ ተወነጀለች። በ1964 በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ ይህን አባባል በመጽሐፍ ተቃወመ። በ1977 ደግሞ በመንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳየ። ኦቲዝምን ከክትባት ጋር ያያያዘው የ1998ቱ ጽሑፍም በ2010 ባሳተመው መጽሔት ተሰርዟል። አዋቂ፣ ያውም የተማረ ሰው፣ እንደሚሳሳት ልጆች ቢያውቁ ምንም አይጎዳቸውም።

ወደ ጨዋታው ስትመጡ ዝርዝር ውስጥ ግቡ። “አብራችሁ ተጫወቱ” ማለት ብቻውን ዋጋ የለውም። “ና ተጫወት” የተባለው ልጅ የት እንደሚቆም ላያውቅ ይችላል። “አንተ እዚህ ጋ ቁም፤ ኳሱ ሲመጣ ወደ እኔ ምታ” ሲባል ግን ይገባዋል። ደወል ሲጮኽ ጆሮውን የሚይዘው ስላመመው ነው፤ ለማስቸገር አይደለም። ዓይን ዓይናችሁን ባያይም እየሰማ ሊሆን ይችላል። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ምሁር ዴሚየን ሚልተን በ2012 እንደጻፈው፣ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው። እሱ እኛን መረዳት ይከብደው ይሆናል፤ እኛም እሱን አልተረዳንም። ልጆች ይህን ከአዋቂ ቶሎ ይቀበላሉ።

አንድ ነገር አደራ። በክፍላችሁ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካለ ምሳሌ አታድርጉት። እሱንና ወላጆቹን ሳትጠይቁ ስሙን አታንሱ። አንዳንዱ ግን ራሱ “እኔ ልናገር” ይላል። ያኔ ጊዜውን ስጡትና እናንተ ዞር በሉ።